ጎማን ከቸርኬው ያላቀቀ ሰው፤ የኤዱዋር ሚሽሊን ሕይወት

ዛሬ አንድ መንገደኛ ከከተማ ርቆ ሳለ ጎማ ቢበሳበት፣ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አውጥቶ፣ ከደኅናው ጎማ ሥር ድንጋይ አስደግፎ፣ ብሎኖቹን አላልቶ፣ በክሪክ ያነሣና የተጎዳውን ጎማ በስኮርታው ለውጦ ጉዞውን ይቀጥላል። ሥራው ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እጁን ታጥቦ መሪውን ሲጨብጥ ነገሩን ይረሳዋል። ሆኖም ይህች ሩብ ሰዓት በዘፈቀደ የተገኘች አይደለችም። አስቀድሞ የወጠናት፣ ገንዘቡንና ስሙን አስይዞ የታገለላት ሰው ነበረ። ያም ሰው በትምህርቱ መሐንዲስ ያልነበረው፣ የሠዓሊነትን ሙያ ትቶ ወደ ፋብሪካ የገባው ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሚሽሊን ነው።

ኤዱዋር ሚሽሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1859 በፓሪስ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ ዡል ሚሽሊን በጉምሩክ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በትርፍ ጊዜውም ሥዕል የሚሥል ሰው ነበር። ከእርሱ በስድስት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ አንድሬ የምሕንድስና ትምህርት ተምሮ በፓሪስ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት አቋቋመ። ኤዱዋር ግን ሕግ ካጠና በኋላ ልቡ ወደ ሥነ ጥበብ አዘንብሎ ሥዕል መማር ጀመረ። የሁለቱ ወንድማማቾች ጠባይም እንደ ትምህርታቸው የተለያየ ነበር። አንድሬ ተናጋሪና ሰው ወዳድ፣ ኤዱዋር ግን ዝምተኛና ነገርን ውስጥ ለውስጥ የሚያብሰለስል ነበር። የኋላው ሥራቸው የተሳካው በዚህ ልዩነት መደጋገፍ በመቻላቸው ነው።

የእናታቸው አባት አሪስቲድ ባርቢዬ፣ ዶብሬ ከተባለው የአክስቱ ልጅ ጋር በመካከለኛው ፈረንሳይ በምትገኘው በክሌርሞን ፌራን ከተማ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ በ1832 አቋቁሞ ነበር። የዶብሬ ባለቤት ዝናብ የማያስገባ ልብስ በመፈልሰፍ የታወቀው የስኮትላንዳዊው የቻርልስ ማኪንቶሽ ዘመድ ስለ ነበረች የጎማን አሠራር ታውቅ ነበር፤ ለልጆችም ከጎማ ኳስ ትሠራላቸው ነበር ይባላል። ጎማ ወደዚያ ፋብሪካ የገባው በዚህ አኳኋን ነው። መሥራቾቹ ካለፉ በኋላ ግን ድርጅቱ እየደከመ ሄዶ ሊዘጋ ተቃረበ። በ1886 አንድሬ ኃላፊነቱን ቢቀበልም በፓሪስ የራሱ ሥራ ስለ ነበረው ሁለቱን ማዳረስ አልቻለም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሙን ጠራው። ኤዱዋርም ብሩሹን አስቀምጦ ወደ ክሌርሞን ፌራን ሄደ፤ በግንቦት 1889 ሚሽሊንና ኩባንያው በሚል ስም የተቋቋመውን ድርጅት መምራት ሲጀምር ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። የሠራተኞቹ ቁጥር ከጥቂት አሥሮች የማይበልጥ ሲሆን፣ ከሚያመርቷቸው ዕቃዎች ዋነኛው ለሠረገላና ለብስክሌት ፍሬን የሚሆን የጎማ ቁራጭ ነበር።

በዚያን ጊዜ በአየር የሚነፋ ጎማ አዲስ ነገር ሆኖ ነበር። በመሠረቱ ሐሳቡን በ1845 በመጀመሪያ በፓተንት ያስመዘገበው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን ነው። ነገር ግን ዘመኑ ስላልደረሰለት ፈጠራው ተረሳ። ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በቤልፋስት የሚኖረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ አየር የሞላበት ቱቦ ጠቀለለበት፤ በ1888ም ፓተንት አገኘበት። የሚነፋው ጎማ ከደረቁ ጎማ ይልቅ የሚለሰልስና የሚፈጥን መሆኑን ሁሉም አመነ። ጉድለቱ ግን ከጥቅሙ እኩል የገነነ ነበር። አንዲት ምስማር ወይም ስለታም ድንጋይ ብትወጋው ሙሉው መንኮራኩር ከሥራ ውጭ ይሆናል፤ ጎማው በቸርኬው ላይ በማስቲሽ ተጣብቆ በጨርቅ የተጠቀለለ ስለ ነበረም በመንገድ ላይ መጠገን የማይታሰብ ነበር።

ኤዱዋር ድርጅቱን ከያዘ ብዙም ሳይቆይ አንድ ብስክሌተኛ የተበሳ ጎማውን ይዞ ወደ ፋብሪካው መጣ። ፋብሪካው የጎማ ሥራ የሚሠራ ስለ ሆነ መፍትሔ ይገኝ ይሆናል ብሎ ነው። ሠራተኞቹም ጎማውን ከቸርኬው ለመላጥ፣ ቀዳዳውን ለመድፈንና እንደገና ለማጣበቅ ሦስት ሰዓት ያህል ደከሙ። ማስቲሹ እስኪደርቅም ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ ግድ ሆነ። በማግስቱ ኤዱዋር ራሱ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ በፋብሪካው ግቢ ሞከረው፤ ጥቂት መቶ ሜትር እንደ ሄደ ጎማው ተነፈሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ዕቃ አይረባም ብሎ በተወው ነበር። ኤዱዋር ግን በዚያች አጭር ጉዞ ሁለት ነገር ተረዳ። አንደኛው፣ በአየር ላይ የመሄድ ምቾት ተወዳዳሪ የሌለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የጎማው ጠላት መበሳቱ ሳይሆን አለመፈታቱ መሆኑ ነው። ምስማር ከመንገድ ጨርሶ ሊጠፋ አይችልም፤ ስለዚህ መፈለግ ያለበት የማይበሳ ጎማ ሳይሆን፣ ሲበሳ ማንም ተራ ሰው ያለ ባለሙያ እርዳታ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊለውጠው የሚችል ጎማ ነው።

ይህ ሐሳብ ዛሬ ቀላል ይምሰል እንጂ በጊዜው የነበረውን አስተሳሰብ የገለበጠ ነበር። የሌሎቹ ድካም ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጥብቆ ለማያያዝ ሲሆን፣ የኤዱዋር ድካም ግን አጥብቆ ይዞ በተፈለገ ጊዜ የሚለቅ ማያያዣ ለማግኘት ሆነ። የአየሩን ቱቦ ከውጭው ሽፋን ለይቶ፣ ሽፋኑም በማስቲሽ ሳይሆን በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ በቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። በ1891 የሚፈታ ጎማ ፓተንት በስሙ ተመዘገበ።

ፈጠራው የሚፈተንበት አጋጣሚ በዚያው ዓመት ተገኘ። በመስከረም 1891 ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ የሚመለስ፣ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የብስክሌት ውድድር ተዘጋጀ። የሚሽሊን ወንድማማቾች ታዋቂውን ብስክሌተኛ ሻርል ቴሮንን በአዲሱ ጎማ እንዲወዳደር አግባቡት። ዋነኛ ተፎካካሪው ዢየል ላቫል በደንሎፕ ጎማ ይጋልብ ነበር። ቴሮን እንቅልፍ አልባ ሌሊቶችን አሳልፎ፣ የተበሳውን ጎማ በመንገድ ላይ እየጠገነ፣ ከ71 ሰዓት በላይ ተጉዞ ፓሪስ ሲደርስ ተከታዩን ከስምንት ሰዓት በላይ ቀድሞት ነበር። ጎማው ስላልተበሳ ሳይሆን ተበስቶም ስለ ተጠገነ አሸነፈ፤ ኤዱዋርም ማስረዳት የፈለገው ይህንኑ ነበር።

በተከታዩ ዓመት የታየው ነገር ግን የሰውየውን ሌላ ገጽታ የሚያሳይ ነው። በ1892 ድርጅቱ ከፓሪስ እስከ ክሌርሞን ፌራን ውድድር ሲያዘጋጅ፣ ተወዳዳሪዎቹ ጎማ መለወጥ እንዲገደዱና ሕዝቡም ሥራው እንዴት ቀላል እንደ ሆነ በዓይኑ እንዲያይ፣ በመንገዱ ላይ ሆን ተብሎ ምስማር እንደ ተበተነ ይተረካል። ድርጊቱ ለንግዱ ጠቅሞ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመንገደኛን ደኅንነት ዓላማዬ ነው ከሚል ሰው የሚጠበቅ አልነበረም። የሰዎችን ታሪክ በምስጋና ብቻ መጻፍ እውነትን ማጉደል ስለ ሆነ ይህም ከሥራዎቹ ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።

ብስክሌት ቀላል ነው፤ አውቶሞቢል ግን ከባድ ነው። ብዙ መሐንዲሶች የሚነፋ ጎማ የመኪናን ክብደትና ፍጥነት ፈጽሞ ሊሸከም አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። በሰኔ 1895 ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ደርሶ የሚመለስ፣ 1178 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመኪና ውድድር በተዘጋጀ ጊዜ የመኪና ሠሪዎቹ በሚነፋ ጎማ ለመወዳደር ፈቃደኞች አልሆኑም። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ለጀልባ የታሰበ የዳይምለር ሞተር ያለው መኪና ራሳቸው አሠርተው መብረቅ ብለው ሰየሙት፤ የሚነዳው ሰው ስለ ጠፋም መሪውን ራሳቸው ጨበጡ። መንገዱ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ይዘዋቸው የሄዱት 22 ትርፍ የውስጥ ጎማዎች አልቀው እንደ ነበር ይነገራል። በደረቅ ጎማ የነዳው ኤሚል ሌቫሶር ርቀቱን በ48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ሲጨርስ፣ የሚሽሊን መኪና ከሁሉ በኋላ ደረሰች። በውድድር ሕግ ተሸናፊዎች ነበሩ። ሆኖም በሚነፋ ጎማ የሄደ መኪና ያንን ሁሉ መንገድ ጨርሶ መመለሱ በቂ ማስረጃ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1899፣ ቤልጅጋዊው ካሚይ ዠናትዚ በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ መኪናው የቆመው በሚሽሊን ጎማ ላይ ነበር።

ሠዓሊነቱም ፈጽሞ አልተወውም። በ1894 በሊዮን በተከፈተ ኤግዚቢሽን የተደራረቡ ጎማዎች አይቶ ክንድ ቢጨመርላቸው ሰው ይመስላሉ ብሎ አሰበ። ከዚህ አስተያየት በ1898 ኦጋሎ በተባለ ሠዓሊ እጅ ቢቤንደም የተባለው፣ ከጎማ የተሠራ ሰው ተወለደ። በ1900 ደግሞ ወንድማማቾቹ ለአሽከርካሪዎች የሚሆን ቀይ መጽሐፍ በ35,000 ቅጂ አሳትመው በነጻ አደሉ። ይህ መጽሐፍ በኋላ ዘመን በምግብ ቤቶች ደረጃ አሰጣጡ ቢታወቅም፣ መጀመሪያ የተጻፈው ጎማ እንዴት እንደሚፈታና እንደሚጠገን፣ ነዳጅና መካኒክ የትኛው ከተማ እንደሚገኝ ለማስረዳት ነበር። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ አገር የነበሩት መኪናዎች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። ኤዱዋርና አንድሬ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን አያያዝ ዕውቀት አብሮ መሸጥ እንደሚገባ ተረድተው ነበር።

የሚፈታው ጎማ ቢገኝም ችግሩ ገና ግማሹ ብቻ ተቃልሎ ነበር። በጊዜው የመኪና መንኮራኩር ከአክሱ ጋር እንዲለያይ ታስቦ የሚሠራ ስላልነበረ ትርፍ መንኮራኩር ይዞ መሄድ የተለመደ አልነበረም። ጎማ ሲበሳ አሽከርካሪው በጭቃና በአቧራ ውስጥ ተንበርክኮ የውጭውን ሽፋን ከቸርኬው ማላቀቅ፣ የውስጡን መለወጥ፣ ከዚያም በእጅ መንፊያ መንፋት ነበረበት። በዌልስ አገር በላኔሊ ከተማ የሚኖሩት ቶማስና ዋልተር ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች በ1904 ለዚህ ችግር አንድ መላ ዘየዱ። ይኸውም አስቀድሞ የተነፋ ጎማ የተገጠመለት፣ ዘንግ የሌለው ቸርኬ ሲሆን፣ ከተበሳው መንኮራኩር ጎን በመቆንጠጫ ታስሮ መኪናውን እስከ ጥገና ቦታ ያደርሳል። ስሙም በሱቃቸው ጎዳና ስም ስቴፕኒ ተባለ፤ በሕንድ አገርና በሌሎችም ስፍራዎች ትርፍ ጎማ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል። ለጊዜው ብቻ ተብሎ የተሠራ መንኮራኩር ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል። ባሕርዩም ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። ከእውነተኛው መንኮራኩር ጎን ወጣ ብሎ ስለሚታሰር ክብደቱን በትክክለኛው ቦታ አይሸከምም፤ ስለዚህ ያደርሳል እንጂ አያዘልቅም።

የኤዱዋር ድርጅት በበኩሉ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ይህም ጎማውን ከነቸርኬው ከመንኮራኩሩ የሚፈታ ማድረግ ነው። በሰኔ 1906 በለማን ከተማ አጠገብ የተካሄደው የመጀመሪያው የፈረንሳይ ታላቅ ሽልማት የመኪና ውድድር ትልቁ ፈተና ሆነ። ውድድሩ ሁለት ቀን የሚፈጅ፣ በጠቅላላው 1238 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነበር። በመኪናው ላይ እጃቸውን ማሳረፍ የሚችሉት አሽከርካሪውና አብሮት የተቀመጠው መካኒክ ብቻ እንዲሆኑ ሕጉ ያዛል። ሙቀቱ መንገዱ ላይ የፈሰሰውን ሬንጅ ስላቀለጠው ጠጠሩ እየተፈናጠረ የሾፌሮቹን ዓይን ያቆስልና ጎማውን ይቆራርጥ ነበር። አንዳንዶቹ ተወዳዳሪዎች የተቆራረጠውን ጎማ በቢላዋ ቀደው አዲሱን በግድ ሲያስገቡ ብዙ ደቂቃ ያባክናሉ። የሬኖ መኪና የሚነዳው በትውልዱ ሀንጋሪያዊ የሆነው ፈረንስ ሲስ ግን ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ፣ አስቀድሞ የተነፋውን ጎማ ከነቸርኬው ገጥሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣ ነበር። በመጨረሻም ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድሞ አሸነፈ። የሚፈታው ቸርኬ ክብደት የሚጨምር በመሆኑ፣ የመኪናው ክብደት ከ1000 ኪሎ እንዳይበልጥ በወጣው ደንብ ምክንያት ሊጠቀሙበት ያልቻሉ ቡድኖች ነበሩ። ስለዚህ ከውድድሩ የተገኘው ትምህርት ድርብ ነው። መፍጠን ማለት ሳይቆሙ መሄድ ብቻ ሳይሆን ሲቆሙ ቶሎ መነሣት ነው፤ ለአደጋ ጊዜ መዘጋጀትም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው በመጨረሻ ይጠቀማል።

በ1913 ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የሚፈታውን የብረት መንኮራኩር አወጣ። ከዚህ ወዲህ አሽከርካሪው መንኮራኩሩን እንዳለ አንሥቶ ሌላ መንኮራኩር ይተካል፤ የተበሳውን ጎማ ግን ለጥገና ባለሙያ፣ በእኛ አገር አጠራር ለጎሚስታ፣ ይተወዋል። የኤዱዋር የወጣትነት ሐሳብ ከሃያ ዓመት በላይ በሆነ ድካም በዚህ መልክ ተፈጸመ።

ኤዱዋር ዝናን የሚሸሽ፣ ኑሮውን በክሌርሞን ፌራን የወሰነ፣ የፋብሪካውን ምስጢር አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና የሕክምና አገልግሎት አቋቋመ። ይሁን እንጂ አያያዙ አባት ልጁን እንደሚያሳድግ ያለ ስለ ነበረ፣ ቸርነቱ ከጥብቅ ቁጥጥር ጋር የተቆራኘ ነው ብለው የሚነቅፉት አልጠፉም። በሥራው በኩል ግን ፈጽሞ አልቦዘነም። በ1923 በዝቅተኛ የአየር ግፊት የሚሠራ ምቹ ጎማ፣ በ1930ዎቹም በብረት ሐዲድ ላይ በጎማ የሚሄድ ባቡር በድርጅቱ ተሠርተው ወጡ። በ1934 መጨረሻ የሲትሮየን የመኪና ፋብሪካ በዕዳ ሲወድቅ፣ ከአበዳሪዎቹ ዋነኛ የነበረው ሚሽሊን አስተዳደሩን ተረከበው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ግን የሐዘን ዓመታት ነበሩ። ወንድሙና የሥራ ጓደኛው አንድሬ በ1931 ሞተ። በተከታዩ ዓመት በ1932 ይተካኛል ብሎ ያሰበው ልጁ ኤትየን በአውሮፕላን አደጋ አለፈ። በ1937 መጨረሻ ደግሞ ሁለተኛው ልጁ ፒየር በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜውን ሙሉ የመንገደኛን ጉዞ ለማቃናት የደከመው ሰው ልጁን በመንገድ ላይ አጣ። አገሩ ፈረንሳይ በጦርነት በተሸነፈችበት ዓመት፣ ነሐሴ 25 ቀን 1940፣ በ81 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። የጎማን አሠራር ዳግመኛ የለወጠው ራዲያል ጎማ በድርጅቱ ፓተንት የተመዘገበበትን 1946ን ለማየት አልደረሰም።

ሚሽሊን ያቀለለው ሥራ በዛሬው አሽከርካሪ እጅ ላይ ምን ኃላፊነት እንደ ጣለ ማስታወሱ ለመታሰቢያው የሚገባ ነው። ጎማ መለወጥ ቀላል በመሆኑ ብዙዎች የሚተካውን መንኮራኩር ዓይነት ሳይመረምሩ ይገጥማሉ። ብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ቦታና ክብደት ለመቆጠብ ሲባል ሙሉ ስኮርታ ሳይሆን ጠበብ ያለ የጊዜያዊ መንኮራኩር ይዘው ይወጣሉ። ይህ መንኮራኩር ከስቴፕኒው ጋር በዓላማ አንድ ነው። በአብዛኛው በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳበት ተጽፎበታል፤ የአየሩም ግፊት ከመደበኛው ጎማ እጅግ የበለጠ፣ ብዙውን ጊዜ 4.2 ባር ነው። ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው ገጹ ጠባብ ስለ ሆነ ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ሲታጠፍ እንደ ሌሎቹ አይጨብጥም። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መግጠምም ተገቢ አይደለም።

የሌላ መኪና መንኮራኩር ለጊዜው የሚዋስ ሰው ደግሞ የብሎኖቹ ቀዳዳ ቁጥርና ርቀት፣ የመካከሉ ቀዳዳ ስፋት፣ የመሸከም አቅሙ፣ ከሁሉም በላይ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከሌሎቹ ጋር የሚስማማ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በአንድ አክስ ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች ቁመታቸው ከተለያየ በተመሳሳይ ፍጥነት አይዞሩም፤ የኃይል ማካፈያው ጥርስ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይግላል፣ ይበላል። ስለዚህ ቁመቱ የተለየውን መንኮራኩር የሚቻል ከሆነ ሞተሩ በማይነዳው አክስ ላይ ማድረግ፣ ከሚነዳው አክስ የተበሳውንም በዚያ በተገኘው ደኅና ጎማ መተካት ይሻላል። ብሎኖቹን በተራ ዙሪያውን ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ማጥበቅ፣ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከተጓዙ በኋላም ደግሞ መፈተሽ የጥንቃቄ ሥራ ነው። በዕቃ መጫኛው ውስጥ የተረሳ ስኮርታ አየሩ ቀስ በቀስ እንደሚያልቅ፣ ጎማውም ሳይነዳ እንደሚያረጅ አይዘንጋ።

በዚያ ፋብሪካ ግቢ ጥቂት መቶ ሜትር ተጉዞ የተነፈሰው ጎማ ለኤዱዋር ያስተማረው ትምህርት አላረጀም። ጊዜያዊው መንኮራኩር ድልድይ ነው፤ ድልድይም መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። መንገደኛው በሩብ ሰዓት የገጠመውን ጎማ በጊዜያዊነቱ ተጠቅሞ፣ ቶሎ ብሎ ወደ እውነተኛው መንኮራኩር ሲመለስ፣ ከሥዕል ሸራው ተነሥቶ የጎማን ነገር ላቃለለው ሰው ውለታውን ይመልሳል።